የሌብሉ አማርኛ ሣጥን ሆኖ ሲወጣ፦ በኮምፒዩተር ስለሚጻፍ ፊደልና ስለ ክፍተቱ

ባለፈው የታክስ ወቅት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዲት ደንበኛዬ የደረሰኝ ካርቶናቸውን ተሸክመው ቢሮዬ ገቡ። እንጀራ ጋግረው ለሐበሻ ሱቆች የሚያከፋፍሉ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ምጣድ የሚያሟሹ ብርቱ እናት ናቸው። ካርቶኑን ስፈትሽ ከደረሰኞቹ በታች በጥቅል የተቀመጠ ተለጣፊ ሌብል አገኘሁ። «ይኼ ምንድን ነው እትዬ?» ብላቸው «እሱማ ስድስት መቶ ዶላሬ ነው» አሉኝ።

ሌብሉን ዘርግቼ ተመለከትኩት። እንግሊዝኛው አንድም እንከን የለውም። ከሥሩ የአማርኛው ቦታ ላይ ግን ፊደል የሚባል ነገር የለም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ አንድ ባዶ ሣጥን ተቀምጧል። «ጤፍ» ሁለት ሣጥን፣ «ውሃ» ሁለት ሣጥን፣ «ስንዴ» ሦስት ሣጥን። አራት ሺህ ሌብል እንዲሁ ታትሟል። የእኅታቸው ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዎርድ አዘጋጅቶ፣ ፋይሉን በኢሜይል ለማተሚያ ቤቱ ልኮታል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሣጥኖቹን ሲያይ የአገራችን ፊደል እንደዚያ መስሎት አተመው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሣጥኑም ፊደሉም ያው ነው፤ እኔም ብሆን ቻይንኛ ተሳስቶ ቢታተም አላውቅም።

ይህ ዓምድ ዘወትር ስለ ታክስና ስለ ኢሚግሬሽን እንጂ ስለ ኮምፒዩተር አይጽፍም። እኔም ሙያዬ ሒሳብ ነው። ነገር ግን የወገኖቻችን ገንዘብና ጊዜ በዚህ በኩል ሲፈስ በየዓመቱ ስለማይ፣ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ መስጠቱን መርጫለሁ። ምግብ ቤት፣ ዳቦ ቤት ወይም ሱቅ ያለዎት፣ ለማኅበር ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ፣ ወይም ለዘመድ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያስተረጉሙ ከሆነ ነገሩ እርስዎንም ይነካል።

በመጀመሪያ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል፤ የተበላሸ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ የለውምና። ሣጥን ካዩ አይደንግጡ። ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፊደሉን የሚሥለው ፎንት ብቻ ነው። ፎንቱን ሲጭኑ ወይም ፊደላችን ያለበትን ሌላ ፎንት ሲመርጡ ሣጥኑ ተመልሶ ፊደል ይሆናል። ከላዩ ሰረዝ የተጫነባት ትንሿ የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣች ደግሞ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው፤ የከፈተው ፕሮግራም ግን በላቲን አነበበው ማለት ነው። እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው በሦስት ቁራጭ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዋም ቁራጭ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነች ነው እንዲያ የምትደጋገመው። ፋይሉን ዘግተው እንደገና ሲከፍቱ «ዩ ቲ ኤፍ 8» የሚለውን ይምረጡ፤ ይመለሳል። የማይመለሰው በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉ ፋይሉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፤ የትኛውም ፎንት አያድነውም። ይህን ጉዳት በብዛት የማየው በኤክሴል የደንበኞች ስም ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩን ወደ ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ለማስገባት ተራውን «ሲ ኤስ ቪ» መርጠው ያስቀምጡትና የሦስት መቶ ሰው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። እዚያው ምርጫ ውስጥ «ሲ ኤስ ቪ ዩ ቲ ኤፍ 8» የሚል አለ፤ እሱን ይውሰዱ፣ ዋናውንም ፋይል አያጥፉ።

አራተኛው መልክ የቆየ ሰነድ ያላቸውን ሁሉ የሚገጥማቸው ነው። የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ የያዘ የድሮ ፋይል ሲከፍቱ የላቲን ፊደል፣ ሰረዝ፣ ቅንፍና ኮከብ ተዘበራርቆ ይመጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

በድሮው አሠራር አንድ የኮምፒዩተር ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው አስቀድሞ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ እነ ቋ፣ ኳና ጓ፣ እነ ሏና ቧ፣ 20ው የግእዝ አኃዝ፣ ሥርዓተ ነጥቡም አሉ። ስለዚህ የያኔዎቹ ባለሙያዎች፣ ምስጋና ይድረሳቸውና፣ ገሚሶቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት፤ ገሚሶቹ ደግሞ እንደ አማርኛ የጽሕፈት መኪና የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ሠርተው አገጣጠሙት። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ላቲን እንደ ተጻፈ ነው፤ አማርኛው ላዩ ላይ የተደረበ ልብስ ነበር። ልብሱ ሲወልቅ ላቲኑ ራቁቱን ይታያል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አመዳደብ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው ፊደላችን በዓለም ሁሉ የታወቀ ቋሚ ቦታ ያገኘው። ማይክሮሶፍትም በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን ፎንት ጨመረ።

ስለሆነም የድሮውን ፋይል ከፍቶ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ላቲን ሆኖ የተቀመጠው ላቲን ሆኖ ይቀራል። የሚያስፈልገው የዚያን የድሮ ፕሮግራም አመዳደብ የሚያውቅ መለወጫ ነው። ከለወጡ በኋላም ሰነዱን ከታተመው ቅጂ ጋር እያስተያዩ ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ወድቀው የሚቀሩት በሁለተኛው ፎንት ውስጥ የነበሩት ፊደላት ናቸው። «ቋሚ ነዋሪ» የሚለው «ሚ ነዋሪ» ሆኖ ያየሁበት ሰነድ አለ። የድሮው ፕሮግራም የሚሠራበት አሮጌ ኮምፒዩተር ዘመድ ቤት ካለ፣ ሳይሞት ሰነዶቹን ሁሉ በወረቀት ወይም በፒ ዲ ኤፍ ያውጡ።

አሁን ወደ ክፍተት እንምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከፊደሉ ይልቅ ክፍተቱ የበለጠ ያስቸግራል።

ከአራት ነጥብ እንጀምር። ብዙዎቻችን አራት ነጥብ የምንጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ይደግመዋል። ለዓይን ያው ይመስላል። ለኮምፒዩተሩ ግን ። አንድ ምልክት ነው፣ ፡፡ ሁለት። በዓምድ ውስጥ ፊደሉ ሲራራቅ ሁለቱ ነጥቦች ይለያያሉ። በመካከላቸው ሳይታሰብ ክፍተት ከገባ ደግሞ አንዱ ነጥብ መስመሩን ትቶ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይቆማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ፈልግና ተካ» የሚለውን ትእዛዝ ከፍተው መጀመሪያ በመካከላቸው ክፍተት ያለባቸውን፣ ቀጥሎ የተጠጋጉትን፣ ከዚያ የእንግሊዝኛዎቹን ወደ ። ይለውጡ። በመጨረሻ ከ። እና ከ፣ በፊት የገባውን ክፍተት፣ እንዲሁም ድርብ ክፍተቱን ያጽዱ። በሃያ ገጽ የማኅበር መጽሔት ላይ ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ጣጣ ዳር ለዳር እኩል የተደረገ ዓምድ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» የሚለው ብቻ አንድ ጠባብ ዓምድ ይሞላል። ፕሮግራሙ እንግሊዝኛውን የት እንደሚቆርጥ መዝገበ ቃላት አለው፤ ለአማርኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ወደሚቀጥለው መስመር ይጥለውና የቀሩትን ሁለት ቃላት እንደ ጥርሰ ፍንጭት ይበትናቸዋል። ኢንዲዛይን የሚባለው የማተሚያ ፕሮግራም ሲመጣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ከ80 እስከ 133 በመቶ እንዲሆን ተመድቦ ነው። ቦታ ሲያጣ ግን ከዚያም ያልፋል። እኔ የምመክረው ጠባብ ዓምድን በግራ ብቻ አስተካክሎ ቀኙን መልቀቅ ነው። የለም፣ ጋዜጣ እንዲመስል እኩል ይሁን ካሉ ረጅሙን ቃል በእጅዎ ይቁረጡት፤ በዎርድ ኮንትሮልንና የሰረዙን ቁልፍ አብረው ሲጫኑ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ የሚታይ ሰረዝ ይገባል። በብራናው ዘመን ቃሉ በሁለት ነጥብ ስለሚለይ የትም ቢቆረጥ አንባቢ አይደናገርም ነበር። ዛሬ ቃሉን የምንለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ ያለ ሰረዝ የተቆረጠ ቃል ሁለት ቃል ይመስላል። በሒሳብ ወረቀት ላይ «ያልተከፈለ» የሚለው «ያል» ላይ ተቆርጦ «ተከፈለ» በአዲስ መስመር ሲጀምር፣ ዕዳ እንዴት እንደሚረሳ እርስዎ ይገምቱ።

በመስመርና በመስመር መካከል ያለውም ክፍተት ቀልድ አይደለም። የእኛ ፊደል ቁመቱ ከፍ ያለ ነው፤ የብዙ ፊደላችን ልዩነት ደግሞ ያለው አናቱ ላይ ነው። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ የሚለዩት ከላይ በተጫነችው ምልክት ነው። በዎርድ የመስመሩን ከፍታ ለእንግሊዝኛ በሚበቃ ልክ ቆርጠው ካሠሩት ፕሮግራሙ የፊደሉን አናት ይከረክመዋል። ያን ጊዜ ጅቡ ድብ ይሆናል። «ቤት ይሸጣል» የሚለው ማስታወቂያም «ቤት ይሰጣል» ሆኖ ይወጣና ስልኩ ሲደወል ይውላል። ፊደሉ 10 ፖይንት ከሆነ መስመሩን ከ14 ባያሳንሱት ጥሩ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንዱ መስመር ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆኖ ካገኙት ደግሞ የመረጡት ፎንት ፊደላችን የለውም ማለት ነው። ዎርድ ሳይነግርዎት አማርኛውን ከሌላ ፎንት ተበድሮ ስለሚጽፍ ከፍታው ይዘበራረቃል። አማርኛውን ለይተው በአንድ ፎንት ያድርጉት።

ለማድመቅ ቦልድ ሲጫኑም ይጠንቀቁ። ኒያላ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ሲሉት ኮምፒዩተሩ ራሱ ያወፍረውና በትንሽ መጠን ሲታተም የፊደሉ ቀዳዳ በቀለም ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት በተለያየ ውፍረት የተዘጋጀ ነው፤ ለንግድ ሥራም ቢሆን በነፃ ይገኛል። አቢሲኒካም እንዲሁ ነፃ ነው፣ መልኩም ለመጽሐፍ ያምራል፤ ውፍረቱ ግን አንድ ነው።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የራሴ ቤት ነው። የአማርኛ ኪቦርዱን ሳያጠፉ በኤክሴል ላይ 1,250 ሊጽፉ ኮማውን ሲመቱ፣ እንደ ኪቦርዱ ዓይነት፣ 1፣250 ሊገባ ይችላል። ኤክሴል ይህን እንደ ቃል እንጂ እንደ ቁጥር አይቆጥረውም፤ ድምሩም ዝም ብሎ ይዘለዋል። ስሕተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም። የግእዝ አኃዝም እንዲሁ አይደመርም። ካልነኩት በስተቀር ቁጥር በሣጥኑ ቀኝ፣ ቃል በግራ ይቆማል። ወደ ግራ የተጠጋ ቁጥር ካዩ ጠርጥሩ ማለት ነው፤ ሽያጭዎ ጎድሎ ተደምሯል።

ወደ ኢሚግሬሽኑ ስመጣ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ። የአሜሪካ ደንብ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲኖረው ያዝዛል። ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ የልደት ምስክር ወረቀት ተርጉሜ ፈረምኩ። ስሙ ገብረ ማርያም ነው። በፓስፖርቱ ላይ አንድ ላይ ተጋጥሞ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በአማርኛው ልማድ በመካከሉ ክፍተት ትቼ በጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባሁት። ኮምፒዩተሩ ቦታ አጣና «ገብረ»ን በአንድ መስመር፣ «ማርያም»ን በሚቀጥለው አደረገው። ቅጹን የሞላው ሰው ሁለት ስም መስሎት «ማርያም»ን በመካከለኛው ስም ቦታ ጻፈው፤ የአባቱ ስም ተገፋ። ከወራት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የስሙን ልዩነት በማስረጃ አስረዱ የሚል ደብዳቤ መጣ። ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው ነበርና በዚያ አንድ ክፍተት የተነሣ ያሳለፈው ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ባይወቅሰኝም ፊርማው የኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሳላደርግ ትርጉም አላወጣም። ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ከነክፍተቱ ወይም ያለ ክፍተቱ፣ ፊደል በፊደል እወስዳለሁ፤ አማርኛው ዋና ሰነድ በሌላ መንገድ ከጻፈው በትርጉሙ ግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ አስገባለሁ። ክፍተት ያለው ስም ሲሆን ደግሞ በዎርድ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ስፔስን አብሬ እጫናለሁ፤ ያ ክፍተት በመስመር መጨረሻ ላይ አይሰበርም። ኃይለ ሥላሴ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ወገኖች ሁሉ ይህን ቁልፍ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ወደ እንጀራዋ ባለቤት ልመለስ። ሌብሉን እንደገና ከማሳተማቸው በፊት አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ እርስዎም የታሸገ ምግብ የሚሸጡ ከሆነ ልብ ይበሉ። በፌዴራሉ የምግብ ሌብል ደንብ፣ በርዕስ 21 ቁጥር 101.15 መሠረት፣ ሌብሉ ላይ የውጭ ቋንቋ ካስገቡ ሕጉ የሚያስገድደው መግለጫ ሁሉ በዚያም ቋንቋ መጻፍ አለበት። ለጌጥ ያህል ሁለት መስመር አማርኛ ጣል አድርጎ የቀረውን በእንግሊዝኛ መተው አያስኬድም። ጤፉን ከስንዴ ጋር የሚቀላቅሉ ከሆነ ስንዴ በግልጽ መጠቀስ ካለባቸው ዘጠኝ የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው፤ ዘጠነኛው ሰሊጥ የተጨመረው ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ሌብሉን በአማርኛ ብቻ የሚያነቡ ስንዴ የማይስማማቸው አዛውንት ሣጥን ቢደረደርላቸው ምን ይጠቅማቸዋል? የአብዛኛው መግለጫ ፊደል ቁመት ቢያንስ የኢንች 1/16 መሆን አለበት። ልኩ የሚወሰደው ከእንግሊዝኛዋ ትንሿ «ኦ» ነው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እኔ ከ8 ፖይንት በታች እንዳይወርዱ እመክራለሁ።

ለማተሚያ ቤት የዎርድ ፋይል አይላኩ። ፒ ዲ ኤፍ አድርገው ይላኩ። ከመላክዎ በፊትም ፒ ዲ ኤፉን ከፍተው በሰነዱ መግለጫ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ገጽ ይመልከቱ፤ ከአማርኛው ፎንት ስም ጎን «ኢምቤድድ» የሚል ከሌለ ፎንቱ አብሮ አልተጓዘም። በኢንዲዛይን የሚሠራ ባለሙያ ከያዙ የመጨረሻውን ጽሑፍ ወደ ሥዕል መስመር እንዲለውጠው ይጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ ፎንት ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ጽሑፉ ግን ስለማይታረም የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ። ከሁሉ በላይ አንድ የናሙና ሌብል በወረቀት ታትሞ ሳያዩ «እሺ» ብለው አይፈርሙ። የተበላሸው ህትመት ወጪ የንግድ ወጪ ሆኖ በስኬጁል ሲ ላይ ሊገባ ይችላልና ደረሰኙን አይጣሉ፤ ነገር ግን ወጪ ተደርጎ መያዙ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

እትዬ በሁለተኛው ጊዜ ናሙናውን ይዘው መጡና መነጽራቸውን አድርገው ከፊቴ አነበቡት። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ውሃ አሉና ቆሙ። የመስመሩ ከፍታ ጠቦ የአንዲት ፊደል አናት ተቆርጧል፤ «እርሾ» የሚለው «እርሶ» ሆኗል። «እኔንም ከሊጡ ጨመሩኝ እኮ!» ብለው እየሳቁ በቀይ እስክሪብቶ አከበቡት። መስመሩ ከ11 ወደ 14 ፖይንት ከፍ ሲል ሾዋ አናቷን አገኘች። ሌብሉም በሳምንቱ ታተመ።

በሚቀጥለው ዕትም በሰኔ 15 እ.ኤ.አ. ስለሚደርሰው የሁለተኛው ዙር ግምታዊ የታክስ ክፍያ እንነጋገራለን።